ስፍርና ሚዛን፦ የእህል መጠን ከይዘት ወደ ክብደት ሲመለስ የሚነሡ የስያሜና የትርጉም ጥያቄዎች

አማርኛ የእህልን መጠን ለመናገር ሁለት ግሦች አሉት። በቁና፣ በጣሳ ወይም በእፍኝ የሚወሰደው እህል ይሰፈራል፤ በሚዛን ላይ የሚወጣው ይመዘናል። «ጤፉ ተሰፈረ» ያለ ሰው ስለ ጤፉ ክብደት ምንም አልተናገረም፤ «ተመዘነ» ያለም ምን ያህል ዕቃ እንደሚሞላ አልገለጸም። «ለካ» የሚለው ግስ ጨርቅን፣ መሬትንና ሙቀትን ሁሉ ስለሚያዳርስ ሁለቱንም ሊጠቀልል ይችላል፤ ነገር ግን ስለ እህል ሲነገር ልዩነቱን ያደበዝዘዋል። እንግሊዝኛ በአንጻሩ ለመመዘን የተለየ ግስ ቢኖረውም መስፈርንና መለካትን በአንድ ግስ ያጠቃልላል። ከእንግሊዝኛ የሚተረጉም ሰው እንግዲህ ምንጩ ያልለየውን እንዲለይ አማርኛው ያስገድደዋል። ይህ ሸክም ቢመስልም በመሠረቱ ጸጋ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ሳንጠቀምበት ይቀራል።

ሳንጠቀምበት መቅረታችን ምን እንደሚያስከትል የተረዳነው በራሳችን ስሕተት ነው። ከዓመታት በፊት ለሕፃናት ተጨማሪ ምግብ አዘገጃጀት የሚያስረዳ አንድ አነስተኛ ጽሑፍ የአማርኛው ቋንቋ እንዲታይ ተልኮልን ነበር። ምንጩ መጠኑን በግራም የሰጠ ሲሆን፣ ተርጓሚው በየቤቱ ሚዛን እንደማይገኝ በማሰብ፣ በቅን ልቡና፣ ግራሙን ሁሉ ወደ ኩባያ መልሶታል። የመለሰበትም ስሌት አንድ ብቻ ነበር፦ 250 ግራም አንድ ኩባያ። ለውኃ ይህ ትክክል ነው። ዱቄት ግን ውኃ አይደለም፤ 250 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ኩባያ በዱቄት ተሞልቶ ቢለመጥ ክብደቱ ከ130 ግራም ብዙ አይርቅም። ስለዚህ በጽሑፉ መሠረት ገንፎውን የምታዘጋጅ እናት ለልጇ የምትሰጠው ዱቄት ከታሰበው እኩሌታ ያህሉን ነው። ዘይቱ ግን እምብዛም አልተዛባም፤ የዘይት ኩባያ 230 ግራም ገደማ ስለሚመዝን ከስሌቱ የራቀው በጥቂት ነው። እንግዲህ የተበላሸው መጠኑ ብቻ ሳይሆን የዱቄቱና የዘይቱ ጥምርታም ጭምር ነበር። እኛ የፊደል ግድፈት አርመን፣ «ይበጠበጣል» የሚለውን «ይማሰላል» ብለን አስተካክለን፣ ጽሑፉን አሳልፈነው ነበር። ስሕተቱን የደረሰበት ከታተመ በኋላ ያነበበው ሌላ ሰው ነው።

ስለዚህም የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለት ነው። አንደኛው ይዘትና ክብደት በእህል ላይ ለምን እንደማይገጥሙ ለቋንቋ ባለሙያ በሚበቃ መጠን ማስረዳት ነው። ሁለተኛው ለዚሁ ነገር የሚያስፈልጉትን ጥቂት ስያሜዎች ለውይይት ማቅረብ ነው።

የአንድ ቁስ ክብደት ከያዘው ቦታ ጋር ያለውን ጥምርታ እፍግታ እንለዋለን። የውኃ እፍግታ በሊትር አንድ ኪሎ ግራም ነው። የስንዴ ፍሬ ለብቻው ቢታይ ከውኃ ይከብዳል፤ አየር የሌለበት አንድ ሊትር የስንዴ አካል 1.3 ወይም 1.4 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል፤ ጤነኛ ስንዴ ውኃ ውስጥ ሲጣል የሚሰጥመውም ለዚህ ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ስንዴ በአንድ ሊትር ዕቃ ሲሰፈር ወደ 800 ግራም ብቻ ይመዝናል። ልዩነቱ አየር ነው። ፍሬዎቹ ሲደራረቡ በመካከላቸው ባዶ ቦታ ይተዋሉ፤ ከዕቃው ይዘት ወደ 40 በመቶ የሚጠጋው የተሞላው በእህል ሳይሆን በፍሬዎቹ መካከል ባለው አየር ነው። ስለዚህ የአንድ እህል ሁለት ቁጥሮች አሉት፤ አንዱ የቁሱ ነው፤ ሌላው ከነአየሩ የተሰፈረው ነው። ለመጀመሪያው እፍግታ የሚለው ቃል ይበቃል። ለሁለተኛው ግን እስከ ዛሬ በየጽሑፉ አንዴ «እፍግታ»፣ አንዴ «የእህል ክብደት»፣ አንዴም በረጅም ሐረግ እየተገለጸ ቆይቷል። እኛ «የስፍር ክብደት» የሚለውን እናቀርባለን።

በዚህ ስያሜ ላይ ሊነሣ የሚችለው ተቃውሞ የመስፈሪያውን ዕቃ ክብደት ያስመስላል የሚል ነው። ይህ ግን ሥረ ቃሉን በጥንቃቄ ላየ ሰው የሚያሳስብ አይደለም፤ ዕቃው መስፈሪያ ነው፤ ስፍር በዕቃው የተወሰደው መጠን ነው። «ስፍር ቁጥር የሌለው» ስንል ዕቃ የሌለው ማለታችን አይደለም። ሥረ ቃሉ በግእዝም ያው ነው፤ ሰፈረ መለካት፣ መስፈርትም መለኪያ ነው። የዛሬው አማርኛ መስፈርትን ለሐሳብ መመዘኛ ሰጥቶ፣ ለእህሉ መስፈሪያን አስቀርቷል። ለሥራ መወዳደሪያ «መስፈርት አሟላ» የሚባለው ሰው ሳያውቀው በቁና እየተሰፈረ መሆኑን ማስታወስ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ደስ የሚል ነገር ነው። መንደር ከመቆርቆር ጋር የተያያዘው ሰፈረ ግን በመዝገበ ቃላት ውስጥ ራሱን ችሎ መግባት አለበት፤ ሁለቱን በአንድ መግቢያ ሥር ማስቀመጥ አንባቢን ያሳስታል።

የስፍር ክብደትን በሚመለከት በሰፊው የሚነገር አንድ አስተሳሰብ አለ፤ ይኸውም የደቀቀ እህል ዕቃውን በደንብ ስለሚሞላ ይከብዳል የሚለው ነው። ጤፍ ለዚህ ጥሩ መፈተኛ ነው። ከ150 የማያንስ የጤፍ ፍሬ ተሰብስቦ የአንዲት የስንዴ ፍሬ ያህል ይመዝናል ተብሎ ይገመታል። የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር የምግብ ሠንጠረዥ ግን ለአንድ የአሜሪካ ኩባያ ጥሬ ጤፍ 193 ግራም፣ ለስንዴ 192፣ ለማሽላ 192፣ ለምስር 192፣ ለሽምብራ 200 ግራም ይሰጣል። ሽምብራ ከጤፍ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ግዙፍ እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነው፤ የስፍር ክብደታቸው ግን ጎን ለጎን ነው። ምክንያቱ የጂኦሜትሪ ነው፤ እኩል የሆኑ ሉሎች ትልቅም ሆኑ ትንሽ ሲደራረቡ የሚተዉት ባዶ ቦታ በመቶኛ ሲሰላ ያው ነው። ፍሬው ሲደቅ ቀዳዳዎቹም አብረው ይደቃሉ፤ ቁጥራቸው ግን በዚያው ልክ ይበዛል። የስፍርን ክብደት በእውነት የሚለውጠው የፍሬው ቅርጽ፣ ገለባው፣ ርጥበቱ፣ የትልቅና የትንሽ ፍሬ መቀላቀሉ ነው። ገብስና አጃ ቀለል የሚሉት ልብሳቸው አየር ስለሚይዝ ነው። የገብስ ልብስ በሙቀጫ ሲወልቅ የስፍሩ ክብደት ከፍ ይላል። ርጥበት የጠጣ እህል ደግሞ ያብጣል፤ ቆዳውም ሻካራ ሆኖ ስለማይንሸራተት በቁናው ውስጥ ልል ሆኖ ይቀመጣል። ስለዚህ ታጥቦ ገና ያልደረቀ ጤፍ የሚሰፍር ሰው በቁና እንዳተረፈ ቢመስለውም፣ ከያዘው ከፊሉ ውኃና አየር ነው።

ዱቄት ሌላ ሕግ አለው። ቅንጣቱ እጅግ ሲደቅ አንዱ ከሌላው ይጣበቃል፤ ተንሸራትቶ ወደ ቀዳዳው ከመውረድ ይልቅ እንደ ድልድይ ተደጋግፎ ይቆማል፤ አየሩም ታፍኖ ይቀራል። ስለዚህ 192 ግራም ይመዝን የነበረው የስንዴ ኩባያ ተፈጭቶ ሲመለስ 120 ወይም 125 ግራም ይሆናል፤ ማለትም ከአንድ ኩባያ ስንዴ አንድ ኩባያ ተኩል ያህል ዱቄት ይገኛል። በሽምብራ ልዩነቱ ይብሳል፤ በዚያው ሠንጠረዥ የሽምብራ ዱቄት ኩባያ 92 ግራም ነው፤ ቅርፊት ባይወጣና ምንም ባይባክን አንዱ ኩባያ ሽምብራ ከሁለት ኩባያ በላይ ዱቄት ይሰጣል ማለት ነው። የቤታችን ሽሮ ቅመም የሚገባበትና ተቆልቶ የሚፈጭ በመሆኑ ቁጥሩን እንዳለ መውሰድ አይቻልም፤ አቅጣጫው ግን ያው ነው። እህሉ በወፍጮ «በዛ» የሚሉ እናቶች በስፍር ትክክል ናቸው፤ ባለ ወፍጮው በኪሎ ሲያስከፍላቸው ግን አልበዛም፤ እንዲያውም በብናኝ ጥቂት ጎድሏል። ሁለቱም ወገን የሚናገረው እውነት ነው፤ የሚናገሩት ግን በተለያየ ግስ ነው።

ዱቄት በአንድ ዕቃ ውስጥ እንኳ እንደ አሞላሉ ይለያያል። በማንኪያ ቀስ ተብሎ ተጨምሮ የተለመጠ ኩባያ 125 ግራም ቢሆን፣ ኩባያው ራሱ ከረጢቱ ውስጥ ገብቶ ቢጨለፍ 140 እና ከዚያም በላይ ይደርሳል፤ ቢጠቀጠቅ ደግሞ የበለጠ ይጨምራል። አሜሪካዊቷ ፋኒ ፋርመር እ.ኤ.አ. በ1896 ባሳተመችው የምግብ አሠራር መጽሐፍ ልሙጥ ስፍርን አጥብቃ ማስተማሯ በዚህ ምክንያት ነበር፤ የአሜሪካ ወጥ ቤት እስከ ዛሬ በኩባያ የሚሠራውም በአብዛኛው በዚያ ልማድ ነው። ከዚህ የተነሣ ለአሞላል የሚሆኑ ስያሜዎች ለተርጓሚ የግድ ያስፈልጋሉ። «ልሙጥ» አፉ ላይ በቢላ ጀርባ ወይም በእጅ የተጠረገውን ስፍር ይገልጻል። ቃሉ ጥለት ለሌለው ጨርቅም እንደሚነገር እናውቃለን፤ በስፍር ዐውድ ግን አያሻማም። «ቁልል» ከገደፉ በላይ የተከመረውን፣ «ጥቅጥቅ» የታጨቀውን፣ «ልል» ሳይነቀነቅ የተሞላውን ይሰይማል። «ጢም ብሎ የሞላ» የሚለው ፈሊጥ ለንግግር ያማረ ቢሆንም ለስያሜ አይመችም፤ ለፈሳሽ ሲነገር ልሙጥ ነው፤ ለእህል ሲነገር ግን ሰሚው ቁልል ሊያደርገው ይችላል።

እነዚህ ቃላት ለጌጥ እንዳልሆኑ አንድ ምሳሌ ይበቃል። በተቅማጥ ለተዳከመ ሕፃን በቤት የሚዘጋጀው መጠጥ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው። ከዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ልሙጥ» የሚለው ቃል ለማሳጠር ተብሎ ቢወድቅ ሰዋስዉ አይፈርስም፤ አንባቢም የጎደለ ነገር አይታየውም። ጨውን ቆልሎ የሚሰፍር እጅ ግን ለሕፃኑ አደገኛ መጠጥ ያዘጋጃል።

ከአሞላል ጋር የሚሄደው የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። በእንግሊዝኛ የምግብ አሠራር ጽሑፍ የተነፋ ዱቄት አንድ ኩባያ ማለትና አንድ ኩባያ ዱቄት ከዚያ የሚነፋ ማለት የሚለያዩት በአንድ ቃል ቦታ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ዱቄቱ በወንፊት አየር ከጠጣ በኋላ ይሰፈራል፤ ስለዚህ ያንሳል። በሁለተኛው ከተሰፈረ በኋላ ይነፋል፤ ስለዚህ ይበልጣል። ተርጓሚዎች ሁለቱንም «አንድ ኩባያ የተነፋ ዱቄት» እያሉ ሲያልፉ በተደጋጋሚ ተመልክተናል። አማርኛ ግን ለዚህ የተዘጋጀ ስልት አለው፤ «ነፍቶ መስፈር» እና «ሰፍሮ መንፋት» ሲባል የሥራው ተራ በግሡ ቅርጽ ውስጥ ተቀምጧል፤ ማንም አያምታታውም። የስም ሐረግን ከምንጩ በስም ሐረግ ለመመለስ የሚታገል ተርጓሚ ይህን የቋንቋውን ሀብት ይጥለዋል። በምግብ አሠራር ጽሑፍ ውስጥ ግሥ ከስም ይልቅ ታማኝ ነው ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

ቀጥሎ የዕቃዎቹ ስም ይመጣል። ኩባያም ሲኒም ጣሳም በዐረብኛ በኩል ዘመድ ያላቸው ቃላት ናቸው፤ ሦስቱም የዕቃ ስሞች እንጂ የመለኪያ አሐዶች አይደሉም። የአሜሪካው ኩባያ 236.6 ሚሊ ሊትር ነው፤ በምግብ ማሸጊያ ላይ ደግሞ 240 ተደርጎ ይወሰዳል። የአውስትራሊያው 250፣ የጃፓኑ 200፣ ከሩዝ ማብሰያ ጋር የሚሸጠው 180 ሚሊ ሊትር ነው። የአሜሪካው የሾርባ ማንኪያ 15፣ የአውስትራሊያው 20 ሚሊ ሊትር ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን በንግግር «ካፕ» የሚሉት የተወሰነ መጠን ያለው መለኪያ ነው፤ አዲስ አበባ ያለች እናት በስልክ «ሦስት ኩባያ» ስትል ግን የምታስበው በጓዳዋ የተሰቀለውን የቆርቆሮ ኩባያ ነው። «ሲኒ» ብሎ መተርጎም ከሁሉ የከፋ ነው፤ የቡና ሲኒ ከመለኪያው ኩባያ በእጅጉ ያንሳልና። ስለዚህ አሐዱን ለመግለጽ «የመለኪያ ኩባያ» እንዲባልና በመጀመሪያ በተጠቀሰበት ቦታ ሚሊ ሊትሩ እንዲጻፍ እንመክራለን።

ከዚህም የባሰ ወጥመድ አውንስ ነው። በእንግሊዝኛ አንድ ስም የፈሳሽ ይዘትንም ክብደትንም ይጠራል፤ የይዘቱ በአሜሪካ 29.6 ሚሊ ሊትር፣ የክብደቱ 28.35 ግራም ነው። ለውኃ ሁለቱ ስለሚቀራረቡ ስሕተቱ አይታይም። 8 የይዘት አውንስ ዱቄት ግን አንድ ኩባያ፣ ማለት 125 ግራም ሲሆን፣ 8 የክብደት አውንስ ዱቄት 227 ግራም ነው። «አውንስ» ብሎ ብቻ መጻፍ ችግሩን ወደ አንባቢ ማሻገር ነው፤ «የይዘት አውንስ» እና «የክብደት አውንስ» ተብሎ መለየት ይኖርበታል።

የዕቃና የክብደት ስሞች ቦታ የሚለዋወጡት በዚህ ብቻ አይደለም። ኩንታል በጣልያንኛ በኩል የደረሰን፣ መነሻው መቶን ከሚያመለክተው የላቲን ቃል የሆነ የክብደት ስም ነው፤ 100 ኪሎ ግራም። ዛሬ ግን «ባዶ ኩንታል» እንላለን፤ የክብደቱ ስም ለጆንያው ተሰጥቷል። የእንግሊዝኛው ቡሽል በተቃራኒው ተጉዟል። በመነሻው መስፈሪያ ነበር፤ የአሜሪካው 35.24 ሊትር ይይዛል። በንግድ ግን የአንዱ እህል ቡሽል ስንት ፓውንድ እንደሆነ ተወስኖ ስለሚሠራበት፣ የስንዴ ቡሽል 60፣ የበቆሎ 56፣ የገብስ 48፣ የአጃ 32 ፓውንድ ማለት ሆኗል። በኪሎ ግራም ከ27.2 እስከ 14.5 ይደርሳል። ስለ ምርት የሚናገር ዜና ሲተረጎም ቡሽልን ወደ ኩንታል የሚመልስ ሰው አስቀድሞ «የምን እህል?» ብሎ መጠየቅ አለበት። የኛም ቁናና ዳውላ ከቦታ ወደ ቦታ እንደሚለያዩ ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1969 እና በ1970 ስለ ኢትዮጵያ መለኪያዎች በተከታታይ ባወጡት ጥናት በሰፊው አሳይተዋል። እንግዲህ ቁናን በመዝገበ ቃላት «የእህል መስፈሪያ» ብሎ ማለፍ አይበቃም። በየትኛው አገር፣ በየትኛው ዘመን፣ ልሙጥ ወይስ ቁልል የሚለው ካልተመዘገበ፣ የድሮ የግብር ወይም የውል ሰነድ የሚተረጉም ሰው ከመዝገበ ቃላቱ የሚያገኘው ጥቅም ጥቂት ነው።

በቤት ወይም በመስክ ያለውን መስፈሪያ ለመፈተን የሚያስፈልገው አንድ ሚዛንና ውኃ ብቻ ነው። እንበልና የአንድ ጣሳ ባዶ ክብደቱ 120 ግራም ሆነ፤ ውኃ እስከ ገደፉ ተሞልቶ 1120 ግራም ሆነ። የአንድ ግራም ውኃ ይዘት አንድ ሚሊ ሊትር ስለሆነ ጣሳው አንድ ሊትር ይይዛል። ተጠርጎ ከደረቀ በኋላ ጤፍ ተሰፍሮበትና ተለምጦ 930 ግራም ቢመዝን፣ የጣሳው ክብደት ሲቀነስ 810 ግራም ይቀራል፤ ስለዚህ የዚያ ጤፍ የስፍር ክብደት በሊትር 810 ግራም ነው። ይህን ሦስት ጊዜ ደጋግሞ መካከለኛውን መውሰድ ይበጃል፤ የእጅ አሞላል ከጊዜ ወደ ጊዜ ይለያያልና። የቃል ሰብሳቢዎቻችን በየወረዳው ስለ መስፈሪያ ሲጠይቁ የስሙን አጠራር ብቻ ሳይሆን ይህንንም ቢመዘግቡ፣ ሥራው ከግማሽ ሰዓት የበለጠ አይወስድባቸውም።

በመጨረሻ ወደ ተነሣንበት ጽሑፍ እንመለስ። ሁለተኛው እትም ሲዘጋጅ ግራሙ እንዲቀርና ከጎኑ ስፍሩ እንዲጨመር ተስማማን። የዱቄቱ ቦታ እንዲህ ተጻፈ፦ «ዱቄት 250 ግራም፤ ሚዛን ከሌለ 250 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ኩባያ በማንኪያ እየጨመሩ፣ ሳይጠቀጥቁ፣ አፉን ለምጦ ሁለት ጊዜ መስፈር።» ዓረፍተ ነገሩ ከበፊቱ ረዘመ፤ አሳታሚውም ስለ ቦታ ጥበት ቅር አለው። «ሳይጠቀጥቁ» የሚለውን ለማስወጣት ሁለት ጊዜ ሞክሮ ሁለቱንም ጊዜ መልሰን አስገባነው።